ጀምበርና ግድግዳ

አንድ ወዳጃችን በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አዲስ ካሜራ ገዛ። ወጣት ነው፤ ቀን የሒሳብ መዝገብ ሲጽፍ ይውላል፣ ማታ ግን ልቡ ወደ ሥዕልና ወደ ሙዚቃ ያዘነብላል። ካሜራውን ለመግዛት ስንት ወር ከደመወዙ እንደ ቈጠበ እናውቃለንና፣ ዕቃው እጁ በገባ ዕለት አብረነው ተደስተናል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከሥራ እንደ ወጣ ከፍ ወዳለ ስፍራ እየሄደ፣ ጀምበር ስትጠልቅ የከተማችንን ሕንፃዎች ሲያነሣ ቈየ። በቅርቡም ስድሳ ያህል ፎቶግራፎች መርጦ፣ በጥሩ ወረቀት አሳትሞ፣ በካርቶን አቃፊ አድርጎ አመጣልንና «እንደ ግጥም አድርጋችሁ ተቹልኝ፤ አታድሉልኝ» አለን።

ወዳጅን መተቸት ቀላል ነገር አይደለም። አመስግነው ቢያሰናብቱት ውሸት ይሆናል፤ እውነቱን ቢነግሩት ቅሬታ ይተርፋል። ሆኖም ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ዛሬ ካሜራ ያለውም፣ ካሜራ ያለበት ስልክ የያዘውም ሁሉ፣ ቀኑ ሲመሽ እጁን ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ እናያለን፤ ያነሣውንም እስኪመሽ ሳይቈይ ለወዳጅ ለዘመድ ይልካል። ስለዚህ ወዳጃችንን አስፈቅደን ትችታችንን በዚህ መጽሔት ላይ ለማውጣት ወሰንን። ስሙን እንዳንጠቅስ ግን አደራ ብሎናል።

በመጀመሪያ የፎቶግራፎቹን ዐይነት እንግለጥ። ከስድሳው ውስጥ በአርባ ሰባቱ የካሜራው ፊት ወደ ምዕራብ ዞሯል። ሰማዩ ከታች እንደ ፍም ቀልቷል፤ ከፍ ሲል እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል፤ ከዚያም በላይ ወይን ጠጅ መስሎ ወደ ጨለማው ይገባል። ከሰማዩ ሥር ሕንፃው ቆሟል፤ ነገር ግን ከጥቁር ወረቀት በመቀስ የተቈረጠ ይመስል፣ በር የለው፣ መስኮት የለው፣ ደረጃ የለው። እዚህና እዚያ የግንባታ ማንሻ ረዥም ክንዱን ዘርግቶ ይታያል። የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ስናይ «ይበል» አልን። አምስተኛው ላይ ዝም አልን። ሃያኛው ላይ ስንደርስ የትኛው ሕንፃ የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ሆነብን፤ ወዳጃችንም ራሱ ሁለቱን አቀያይሮ ነገረን፣ በኋላም አፍሮ አረመ።

እንደ ግጥም ተቹልኝ ስላለ በግጥም ቋንቋ እንመልስለት። ስንኙ ሁሉ እየጣፈጠ ቤት የማይመታ ግጥም አለ፤ የወዳጃችንም ፎቶግራፎች ጉድለት ይኸው ነው፤ ሰማዩን መትተው ቤቱን ስተዋል።

በድሮ ጊዜ ወደ ፎቶ ቤት የገባ ሰው ከኋላው የተሳለ መጋረጃ ይዘረጋለት እንደ ነበረ ዕድሜ ያላቸው አንባቢዎቻችን አይዘነጉትም። ፏፏቴ ያለበት፣ የአበባ አትክልት ያለበት፣ አንዳንዱም አውሮፕላን የተሳለበት መጋረጃ ነበረ። ሰውየው አይቶት የማያውቀው ባሕር ዳርቻ ቆሞ ይነሣል። በዚያ መጋረጃ ዛሬ ብዙ ሰው ይሥቃል። ይሁን እንጂ ያ መጋረጃ ከኋላ ሆኖ የሰውየውን ፊት ያደምቅ ነበር እንጂ ፊቱን አይሸፍንም። ልጆቹም የልጅ ልጆቹም ዛሬ ያንን ወረቀት ሲያዩ አፍንጫው ይህን፣ ግንባሩ ያንን መስሎ ያገኙታል። በወዳጃችን ዘንድ ግን ጀምበሪቱ መጋረጃ ሆና ደመቀች፣ የተነሣው ፊት ጠፋ። በአንድ መጋረጃ ፊት መላው ከተማ ተራ በተራ እየቆመ፣ ማንም ፊቱን ሳያሳይ ሄደ።

ወዳጃችን ይህን ስንነግረው ትንሽ ተከራከረን፤ መከራከሩም መልካም ነበር። «የማታ ውበቱ ሰማዩ ላይ ነው፤ ታዲያ ወዴት ልዙር?» አለ። ለዚህ መልስ ለመስጠት የአዲስ አበባ ማታ ምን ዐይነት ማታ እንደ ሆነ ጥቂት መመልከት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ስፍራ ፀሐይ አግድም እየተንሸራተተች ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ወደ አድማሱ ስትቀርብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ዝቅ ትላለች። ከጠለቀችም በኋላ ያለ መብራት ሰው የሚለይበት ብርሃን ከሃያ ደቂቃ እጅግም አያልፍም። በስቶክሆልም በሰኔ ወር ይኸው ብርሃን ከአንድ ሰዓት በላይ ይቈያል። እንግዲህ በአውሮፓ የተጻፈ የፎቶግራፍ መምሪያ «ሳትቸኩል ጠብቅ» ቢል፣ የእኛ አገር ሰው ምክሩን ተቀብሎ ሲጠብቅ መሽቶበት ይገባል። ከዚህም ሌላ በስተ ምዕራብ የወጨጫ ተራራ አለ፤ እንደ ወሩና እንደ ሰፈሩም ጀምበር በሰዓት መቊጠሪያው ከተጻፈው ጥቂት ደቂቃ ቀድማ ከጀርባው ትሰወራለች።

የምትጠልቅበትም ቦታ አንድ አይደለም። በሰኔ ከትክክለኛው ምዕራብ ወደ ሰሜን 24 ዲግሪ ያህል ዘልቃ ትገባለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ ትመለሳለች። በኅዳር ከ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ አልፎ ትጠልቃለች፤ በሐምሌ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን ትዘገያለች፤ ምንም እንኳ በሐምሌ ደመናው ይህን እንድናይ ባይፈቅድልን። ይህ ማለት በዓመት ውስጥ አንዱ ግድግዳ የማታ ብርሃን የሚያገኝበት ወር አለ፣ የማያገኝበትም ወር አለ ማለት ነው። ወደ ሰሜን የሚመለከት ቤት ይህ ጸጋ የሚደርሰው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ወደ ደቡብ የሚመለከተው በበጋ ነው። ገበሬ ማሳውን ከወሩ ጋራ እንደሚያስተያይ፣ ሕንፃ የሚያነሣም ሰው ግድግዳውን ከወሩ ጋራ ማስተያየት ይገባዋል።

የብርሃኑን ቀለም በተመለከተ ሊቃውንቱ የሚሉት የታወቀ ነው። ፀሐይ ከአናት ላይ ሳለች ጨረሯ የሚያልፍበት አየር ጥቂት ነው፤ ከአድማስ ስትደርስ ግን 38 እጥፍ ያህል አየር ሰንጥቆ ማለፍ አለበት። በዚህ ረዥም መንገድ ሰማያዊው ቀለም ተበትኖ ይቀራል፤ ቢጫውና ቀዩ ይደርሰናል። በመስከረም ዝናሙ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ብርሃን እንደ ንጹሕ ማር ነው። በጥርና በየካቲት አቧራውና ጢሱ ይጨመርበትና ሰማዩ ይደፈርሳል፤ ሰው ሁሉ ካሜራውን የሚያነሣውም ይልቁንም ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ለወዳጃችን ጥያቄ መልሱ ከዚሁ ይገኛል። ያ ማር የመሰለ ብርሃን ከምዕራብ ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል? ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ያርፍ ዘንድም አንድ ነገር ይፈልጋል፤ የሚያርፈውም በግድግዳ፣ በበር፣ በመስኮት፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ነው። ጀምበር በምትጠልቅበት ጊዜ ከተማይቱ የምታምረው ከፎቶግራፍ አንሺው ጀርባ ነው። ወዳጃችን በአርባ ሰባት ማታ ቆሞ አርባ ሰባት ጊዜ ጀርባውን የሰጠው ለዚሁ ነው።

ይህን ብቻ ብለን ብንተው ግን ለአዲሱ ካሜራ የሚገባውን ወቀሳ ሳንሰጥ መቅረታችን ነው። የቀሩትን ዐሥራ ሦስት ፎቶግራፎች ስናገላብጥ አንድ ነገር ተገለጠልን። እነዚህ ወደ ምሥራቅ የተነሡ ናቸው፤ ነገር ግን የማታ አይመስሉም። ግድግዳው እንደ አመድ ገርጥቷል፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው ቢባል ማንም አይጠራጠርም። ወዳጃችን «በዐይኔ ሳየው ወርቅ ነበር፤ ካሜራው ውስጥ ሲገባ ጠፋ፤ ስለዚህ ወደ ሰማዩ ዞርሁ» አለን። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዛሬ የሚሠሩት ካሜራዎች ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን በራሳቸው የሚያርሙበት ሥርዓት አላቸው። የቀን ብርሃን በኬልቪን መለኪያ 5500 አካባቢ ሲሆን፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ወደ 3000ና ከዚያም በታች ይወርዳል። ካሜራው ይህን ማሽቆልቆል እንደ ስሕተት ይቈጥረዋል፤ በመኖሪያ ክፍል ውስጥ የአምፖልን ብጫታ እንደሚያጠፋ ሁሉ የማታንም ወርቅ ጠርጎ ያጠፋዋል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ካሜራውን «በራስህ እረም» ከሚለው አውጥቶ የፀሐይ ሥዕል ካለበት ምልክት ላይ ማቆም ብቻ ነው። ወዳጃችን ይህን ምልክት ሁለት ዓመት ሙሉ አላየውም ነበር። የመምሪያውን መጽሐፍ አላነበበውም፤ ከእኛስ መካከል ማን ያነበበ አለ?

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከፋል። አዲሱ ካሜራ፣ ስልኮቹም እንደዚሁ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ምስል ያነሡና የደመቀውን ከአንዱ፣ የጨለመውን ከሌላው ወስደው ያዋሕዱታል። በዚህ ጊዜ ሰማዩም ይታያል፣ ግድግዳውም ይታያል፣ ከደረጃው ሥር ያለው ድመትም ይታያል። የሚጐድል ነገር የለም፤ ከማታው በቀር። ማታ ማታ የሚያሰኘው አንዳንዱ ነገር መታየቱ፣ አንዳንዱም መሰወሩ ነው። ጥላ ሁሉ ሲነሣለት ሕንፃው ከየትም ብርሃን የማይመጣበት፣ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ይመስላል። ስለ ግድግዳ መዝመም ብዙ አንልም፤ ካሜራን ወደ ላይ ቀና ያደረገ ሁሉ ሕንፃውን ወደ ኋላ ያስተኛዋል፤ ራቅ ብሎና ከፍ ካለ ስፍራ ቆሞ ካሜራውን ቀጥ ማድረግ ይበቃል።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ፊትን ከጀምበር መልሶ ወደ ግድግዳ ማዞር አዲስ ጥበብ አይደለም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1892ና በ1893 ወደ ሩዋን ከተማ ሄዶ፣ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ካሉት ቤቶች ክፍል እየተከራየ፣ አንዱን የካቴድራል ፊት ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሣለው። በ1895ም ከነዚህ ሃያውን በፓሪስ ለሕዝብ አሳየ። ያ የካቴድራል ፊት ወደ ምዕራብ የሚመለከት ነው። ስለዚህ ጧት በጥላ ውስጥ ሆኖ ሰማያዊ ይመስላል፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ከጐን ትነካዋለች፤ ማታ ድንጋዩ ሁሉ ይነዳል። ሞኔ ያን ሁሉ ቀን ቆሞ ፀሐይን ራሷን አልሣላትም፤ ሰማዩንም በሥዕሉ አናት ላይ ጥቂት ቦታ ነው የሰጠው። ስንት ሰዓት እንደ ሆነ የምናውቀው ከድንጋዩ ነው።

ፎቶግራፍ አንሺ ለሚፈልግም ኧዤን አትዤ አለ። ቀድሞ የቴአትር ተጫዋች የነበረው ይህ ሰው ከ1890ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በ1927 እስከ ሞተበት ድረስ የአሮጌውን ፓሪስ ጐዳናዎች፣ በሮች፣ ደረጃዎችና የሱቅ መስኮቶች በከባድ የእንጨት ካሜራና በ18 በ24 ሳንቲ ሜትር መስተዋት ላይ እያነሣ፣ ለሠዓሊዎችና ለቤተ መጻሕፍት በመሸጥ ይተዳደር ነበር። በዕድሜው መጨረሻ ትንሽና ፈጣን ካሜራ ቢሰጡት አልፈልግም እንዳለ ይነገራል። ካነሣቸው ቤቶች ብዙዎቹ በኋላ ፈርሰዋል። ሲሞት ሥራዎቹ እንዳይበታተኑ የደከመችላቸው አሜሪካዊቱ ፎቶግራፍ አንሺ በረኒስ አቦት ናት፤ እርሷም ወደ አገሯ ተመልሳ በ1930ዎቹ የምትለዋወጠውን ኒው ዮርክን በዚያው ዐይን አነሣች። እኛ አዲስ ካሜራ አይገዛ የምንል አይደለንም። አትዤ ያንን ሸክም ተሸክሞ ከአንድ በር ፊት ቆሞ የሚያስብበት ጊዜ ነበረው፤ የወዳጃችን ካሜራ ግን በአንድ ሰኮንድ ዐሥር ምስል ስለሚያነሣ የማሰቢያው ጊዜ ካሜራውን ከማንሣት በፊት መሆን አለበት ለማለት ነው።

ባለፈው ኅዳር ይህን ሁሉ በቃል ከማውራት ብለን ወዳጃችንን አስከትለን ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት በሚወጣው በቸርችል ጐዳና ሄድን። ጐዳናው ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ ስለ ሆነ በስተ ምሥራቅ በኩል ያሉት ሕንፃዎች ፊታቸው ወደ ምዕራብ ነው። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ በ1950ዎቹ ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንደኛው ፊት ለፊት ቆምን። ሕንፃው ፀሐይ ለመከላከል ከመስኮቱ በላይ የወጣ የሲሚንቶ ከንፈር አለው። ቀን ያለፍንበት ጊዜ የከንፈሩ ጥላ መስኮቱን ሸፍኖ ነበር፤ አሁን ጀምበር ዝቅ ስትል ጥላው ወደ ላይ እየተሰበሰበ ሄዶ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተገለጡ። ወዳጃችን ካሜራውን ረስቶ ቆሞ ሲያይ ነበርና ትከሻውን ነካ ማድረግ አስፈለገን።

በዚያው አካባቢ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ወዳጃችን በስድሳው ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ አንሥቶታል፣ ዘጠኝ ጊዜም ጥቁር አድርጎታል። ይህ ሕንፃ መስታወት የለበሰ ነው። መስታወት የራሱ የሆነ ማታ የለውም፤ የጐረቤቱን ማታ ይበደራል፤ ደመናውን፣ ፊት ለፊት ያለውን አሮጌ ግድግዳ፣ የሚበርሩትን ወፎች ይወስድና ይመልሳል። ደግሞም አንድ የሚያስገርም ሥራ ይሠራል። ጀምበር ስታርፍበት ብርሃኑን መልሶ ስለሚወረውረው፣ በጥላ ውስጥ የነበሩ አሮጌ ግድግዳዎች ከምሥራቅ በኩል ሌላ ጀምበር እንደ ወጣችላቸው ሆነው ለጥቂት ደቂቃ ይበራሉ። አባቶቻችን ያላዩት ማታ ይህ ነው። አዲሱ ሕንፃ አሮጌውን ሲያበራው ማንሣት ለአዲስ ካሜራ የሚገባ ሥራ ነበር፤ ከስድሳው ውስጥ ግን አንድም አላገኘንም።

ማዘጋጃ ቤቱ ከአፍሪካ አዳራሽ ጋራ የአንድ ሰው፣ የኢጣሊያዊው መሐንዲስ የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ ነው። ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጐዳናው ቍልቍል ስለሚመለከት በዚያን ዕለት ብርሃኑ ገና በጫፉ ብቻ ነበር የነካው። «በታኅሣሥ መጨረሻ እንመለስ» ተባብለን ሄድን። ስለ አፍሪካ አዳራሽም ስንናገር፣ የአፈወርቅ ተክሌን ታላቅ የመስታወት ሥዕል ከውጭ በማታ ማንሣት ለምን እንደማይሆን ወዳጃችን ጠየቀን። 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው ያ ሥዕል የተሠራው ከውስጥ ቆመው ብርሃን እያለፈበት እንዲያዩት ነው፤ ከውጭ በቀን ሲታይ ጥቁር ነው። እንግዲህ ለዚያ ሥራ ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ብርሃኑ መዞሩ ትክክል ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህም የተነሣ ሕንፃን ጥቁር አድርጎ ማንሣት ሁሉ ስሕተት ነው አንልም። ከአርባ ሰባቱ ውስጥ አንደኛው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው፤ ጕልላቱና መስቀሉ በቀላው ሰማይ ላይ ተሥሏል። ይህን ፎቶግራፍ ወደድነው። በመላው አገር የታወቀ ቅርጽ በር መስኮቱ ባይታይም ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያልታየውን ተመልካቹ ከልቡ ይሞላዋል። ቅርጹን ከዚህ በፊት ማንም ልብ ብሎ ያላየው የሰፈር ቤት ግን፣ በጥቁር ሲነሣ ተመልካቹ የሚሞላበት ነገር የለውም። የባለ አንድ ፎቅ ቤት ጥላ የሁሉም ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጥላ ነው።

ይህም ነገር በወዳጃችን ላይ በእውን ደረሰበት። በ2016 ዓ.ም. የከተማው የመንገድ ልማት ሲጀመር በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ከተማ ይታደሳል፤ በጠባብ ግቢ ውስጥ ያለ በቂ ውሃና መጸዳጃ የኖረ ሰው ሰፊ ቤት ቢያገኝ ደስ ይለናል። ዳሩ ግን የእንጨት ሰገነት የነበራቸው፣ ሕንድና አርመን አናጢዎችም የኛም ሰዎች እጃቸውን ያሳረፉባቸው ቤቶች ስለ ነበሩ፣ መልካቸው የትም ሳይያዝ ቢሄድ ያሳዝናል። ወዳጃችን ጥር ላይ፣ ቤቶቹ ገና ሳይፈርሱ፣ በዚያ ሰፈር አምስት ማታ ቆሞ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ እናት ከተወለዱ ጀምሮ በአንደኛው ቤት የኖሩ ነበሩ፤ ዛሬ ከከተማው ዳር በጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ወዳጃችን ሰፈራቸውን አንሥቶት እንደ ነበረ ቢሰሙ አስጠሩት። እርሱም ደስ ብሎት ሦስቱን ምርጥ ፎቶግራፎች በትልቁ አሳትሞ ወሰደላቸው።

«እማማ፣ ይኸው ቤትዎ» አላቸው።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱንም አገላብጠው አዩ። ከዚያም በመስኮታቸው ወደ ውጭ እየጠቈሙ፣ «ልጄ፣ ሰማዩስ እዚህም ሞልቶልኛል፤ ቤቴን አሳየኝ እንጂ» አሉት።

በቁጣ የተናገሩት አልነበረም፤ ቡናም አፍልተውለታል። እርሱ ግን ቡናውን እንዴት እንደ ጠጣው አያስታውስም። እቤቱ ገብቶ በዚያ ወር ያነሣውን ሁሉ፣ የጣለውን ጭምር፣ ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ሲፈልግ አደረ፤ ወደ ንጋት ላይ አንድ አገኘ። ለእኛ ያመጣው አቃፊ ውስጥ ይህ ፎቶግራፍ አልነበረም፤ ታሪኩን ከነገረን በኋላ ለምነን ነው ያመጣልን።

ፎቶግራፉ ካሜራውን ገና ሲለማመድ፣ ሌንሱን ለመሞከር ብቻ ያነሣው ነው። ጕድለቱ ብዙ ነው። የወዳጃችንና የባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ጥላ ረዝሞ ከግርጌው በስተ ቀኝ ገብቷል። ቤቱ በጥቂቱ ተዛብቷል፤ በስተ ግራ የአንድ መኪና ግማሽ አለ። ቀለሙን ካሜራው እንደ ልማዱ አርሞት ገርጥቷል። ብርሃኑን ግን ሊያርመው አልቻለም። ቤቱ ወደ ደቡብ የሚመለከት ስለ ነበረ የጥር ጀምበር ከጐን መጥታ ፊቱን እየታከከች ታልፋለች፤ ስለዚህ በግድግዳው ላይ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ጥላ አለው፣ የጐደጐደውም ሁሉ ጥላ አለው። ኖራው የተላጠበት ቦታ ጠርዙ ይቈጠራል፤ ከሥሩም ጭቃውና ጭዱ ይታያል። የሰገነቱ ቋሚዎች ጥላቸውን በሰማያዊው በር ላይ በስላች ጥለዋል። ገመድ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ አለ። ከበሩ በላይ ካሉት ጣውላዎች አንደኛው ከሌሎቹ የጣት ውፍረት ያህል ወጣ ብሏል፤ በቀትር ብርሃን ቢሆን ማንም አያየውም ነበር፤ የማታው ጀምበር ግን ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር አስምራለታለች።

ወዳጃችን ይህን ይዞ ሲመለስ ሴትዮዋ መጀመሪያ የነኩት ያንን መስመር ነው። «ይህችን ጣውላ የቀየሯት አባቴ ናቸው፤ ልኳ አልገጥም ብላቸው እንዲሁ መቷት» አሉት። ከዚያ በኋላ ብርድ ልብሱ የማን እንደ ሆነ፣ መኪናው የትኛው ጐረቤት ዘንድ የመጣ እንግዳ እንደ ነበረ፣ ሰሜን መስኮቱ ለምን ተደፍኖ እንደ ቀረ እየነገሩት ሁለት ሰዓት ያህል ቈየ። ከዚያ ስድሳ የተዋበ ፎቶግራፍ አንዱም ይህን ያህል አላናገረም።

እንደ ተቺ የምንለው አሁንም አለ። ጥላው ባይገባ፣ መኪናው ባይኖር ይሻል ነበር ማለት ልማዳችን ነው፤ ስለ ጥላው ግን ሁለት ጊዜ አሰብንበት። ከግርጌ የገባው ያ ረዥም ጥላ ሰዓቱን ይነግረናል፤ በዚያ ማታ ከዚህ ቤት ፊት አንድ ሰው ቆሞ እንደ ነበረም ይመሰክራል። ስለ መኪናው ግን አሳባችንን አንለውጥም፤ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ቢሄድ ይወጣለት ነበር። ቀለሙንም ቢሆን ፋይሉ ስላልጠፋ ዛሬ ወደ ነበረበት ወርቅ መመለስ ይቻላል፤ ወዳጃችን ሞክሮት አሳይቶናል፤ ጥቂት አብዝቶታል ብለን ቀነስንበት።

በታኅሣሥ መጨረሻ እንደ ተቀጣጠርነው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄድን። 11 ሰዓት ከሃምሳ ላይ ብርሃኑ የግንቡን ጐን ይዞ በፊቱ ላይ ማለፍ ጀመረ። በአጠገባችን ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ወጣቶች ስልካቸውን ወደ ምዕራብ ዘርግተው ቆመው ነበር፤ ወዳጃችን ብቻውን ጀርባውን ለጀምበር ሰጥቶ ሲቆም ከመካከላቸው አንዲት ልጅ የተሳሳተ መስሏት «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ነው እኮ» አለችው። እርሱም አመስግኖ ሥራውን ቀጠለ። ያን ማታ ያነሣቸው አራት ብቻ ናቸው። ገና አላሳየንም፤ ሦስተኛው እንደሚሻል ነግሮናል።